ሻምበል አበበ ተቀምጦ ያሸነፈው ውድድር

አበበ ቢቂላ ስንቴ አሸነፈ? ብላችሁ ማንኛውንም የስፖርት አፍቃሪ ብትጠይቁ ሳያስብ «ሁለቴ፤ ሮምና ቶኪዮ» ይላችኋል። ልክ ነው፣ መዝገቡም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሦስተኛ ድል አለ። ያኛው ድል በባዶ እግር አልነበረም፣ በጫማም አልነበረም። ጭራሽ በእግር አልነበረም።

ይህንን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ የሰፈሬ ልጅ ነው። ስሙን አልጠቅስም። በሰፈራችን ቡድን ውስጥ የግራ ተመላላሽ ነበር፤ ኳስ ይዞ በመስመር ሲወጣ የሚይዘው አልነበረም። አንድ ቀን የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠና ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ አቃተው። በቅርቡ ልጠይቀው ስሄድ ባለሙያዎቹ በየቀኑ እንዲሠራ ያዘዙለትን የእጅና የትከሻ እንቅስቃሴ እርግፍ አድርጎ እንደተወው ነገረኝ። «እግዜር ካለ እነሳለሁ፤ ካላለ መልፋቱ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። እናቱ ጠበል ያመላልሱታል፤ እሱም ይሄዳል። ስፖርቱን ግን «በቃኝ» ብሏል። እኔ መልስ አጣሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ትዝ ያለኝ ሻምበል አበበ ነው።

ስፌቱ ሳይጠግግ

አበበ ከበሽታ ጋር የተያያዘው ገና ሯጭ እያለ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ክቡር ዘበኛ ገባ፣ በስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ሠለጠነ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገሩ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሽር ጉድ ስትል፣ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ጨረሰው። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ከአራት ዓመት በኋላ የሆነው ግን ከዚያ ይብሳል። ለቶኪዮ ሲዘጋጅ ልምምድ ላይ ሆዱን አመመው። ትርፍ አንጀት ነው ተባለና በመስከረም 1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ማራቶኑ ደግሞ ጥቅምት 11 ቀን ነው። በመሀል የቀረው አምስት ሳምንት ገደማ ነው! ዛሬ እንኳን ለማራቶን፣ ለሰፈር ጨዋታ አምስት ሳምንት ቀርቶት ሆዱ የተሰፋ ተጫዋች አሰላለፍ ውስጥ አይገባም። ስለ አበበ ግን ገና ሆስፒታል እያለ ሌሊት ግቢው ውስጥ ቀስ እያለ መሮጥ ጀምሮ ነበር እየተባለ ይወራል።

ቶኪዮ ደርሶ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ፤ በጊዜው በዓለም ላይ ከዚያ የፈጠነ ማራቶን የለም። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ስታዲየሙን ጨርሶ ሲገባ አራት ደቂቃ አልፎ ነበር። አበበ እስከዚያ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታል፣ እግሩን ወደ ሰማይ ያነሳል። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በታሪክ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እንግዲህ ሕመምን በልምምድ መርታት የሚባለውን አበበ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያውቀዋል። ግን ያኔ የዳነው ሆድ ነው፤ ሆድ ደግሞ ይጠግጋል። የማይጠግገው ገና ከፊቱ ነበር።

የመጋቢት ሌሊት

ሜክሲኮ ላይ በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሦስተኛውን ፈልጎ ሄደ። እግሩ ታሞ ነበርና 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ አመጣው። አምስት ወር አለፍ እንዳለ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከቶኪዮ በኋላ የተሸለማትን ቮልስዋገን እየነዳ ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ መንገድ ላይ መኪናዋ ተገለበጠች። እስከ ንጋት ድረስ ከውስጧ የሚያወጣው ሰው አላገኘም።

ጉዳቱ አንገቱ ላይ ነበር። ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቷል። ሁለት ኦሎምፒክ ያሸነፉ እግሮች ብቻ ሳይሆኑ እጆቹም አልታዘዝ አሉት፤ ራሱን እንኳን ማዞር አይችልም ነበር። በዚያው ወር ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። የገባበት ሆስፒታል ስቶክ ማንዴቪል ይባላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ይህ ሆስፒታል ተራ ሆስፒታል አይደለም።

ስቶክ ማንዴቪል

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ረጅም ዕድሜ አይጠበቅለትም ነበር። አብዛኛውን ሰው የሚገድለው ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን መተኛቱ ነው። ሳይገላበጥ የሚተኛ ሰው የአልጋ ቁስል ያወጣል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል። ሽንቱ በደንብ ስለማይወጣ ኩላሊቱ ይታመማል። በዚህ ምክንያት ስንቱ ወጣት ወታደር አልጋ ላይ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1944 ከናዚዎች ሸሽተው እንግሊዝ የገቡት ጀርመናዊው ይሁዲ ሐኪም ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስቶክ ማንዴቪል ውስጥ ለእንደዚህ ዓይነት ሕመምተኞች ክፍል ከፈቱ። ሥራቸው ቀላል ይመስላል፤ ግን ያኔ ብዙዎች አያደርጉትም ነበር። ሕመምተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ አዘዙ። ከዚያ ደግሞ ስፖርት! ሰውዬው እግሩ ካልሠራ እጁ፣ ደረቱና ትከሻው ለእግሩም ጭምር መሥራት አለባቸው አሉ። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ለመውረድ፣ ዊልቸሩን ለመግፋት፣ ሳይወድቁ ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ ሁሉ ጉልበት ያስፈልጋል። ቀስት መወርወር የተመረጠውም ለዚህ ነው፤ ደጋኑን ስትስበው የሚሠሩት ጡንቻዎች ተቀምጠህ ሚዛንህን እንድትጠብቅ የሚያደርጉት ናቸው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሎምፒክ ሲከፈት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ 16 ሰዎች በዊልቸር ሆነው ቀስት ተወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው እዚያ ነው። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው ደግሞ የት ተካሄደ? ሮም! መቼ? መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም. ተጀመረ። አበበ በባዶ እግሩ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን ማለት ነው። የሮም ሰው የእሱን ሩጫ አይቶ ሳይበቃው በዊልቸር የሚወዳደሩ ሰዎች እዚያው ከተማ ገቡ። አበበ አንድ ቀን ከእነሱ አንዱ እሆናለሁ ብሎ በሕልሙም አያስበውም።

ቀስትና በረዶ

ስቶክ ማንዴቪል ውስጥ ስምንት ወር ቆየ። ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው ጠየቁት፤ ከመላው ዓለም ደብዳቤ ጎረፈለት። ግን ደብዳቤም ንግሥትም ጡንቻ አይሠሩም። ቀስ በቀስ ራሱን ማዞር ቻለ፣ እጆቹ ተመለሱ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በሁለት እግሩ ሄዶ የማያውቀውን አውሮፕላን ያህል ርቀት የሮጠ ሰው በዊልቸር ወደ አገሩ ገባ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ማን ይፈርድበት ነበር? ስም አለው፣ ሜዳሊያ አለው፣ ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳር ወልደጊዮርጊስና ልጆቹ አጠገቡ ናቸው። ቤቱ ቁጭ ብሎ የድሮውን ማውራት ይችላል። እሱ ግን ኒስካነን ሲጎተጉተው ደጋን አነሳ። አደጋው ከደረሰበት በ16ኛው ወር ገደማ፣ በሐምሌ 1962 ዓ.ም. እንግሊዝ ውስጥ በተካሄደው የስቶክ ማንዴቪል ጨዋታ ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። አላሸነፈም። እስቲ አስቡት፤ ስታዲየም ሲገባ ዓለም የሚነሳለት ሰው፣ በማያውቀው ስፖርት፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር፣ ከኋላ ከሚወጡት ጋር ተሰልፎ ይወረውራል። ለእኔ ከቶኪዮው የበለጠ ድፍረት ይህ ነው።

በዓመቱ፣ በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ በእንግድነት ተጠራ። እንግዳ ሆኖ መቀመጥ አልሆነለትም። ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር የሚፈጅ ውድድር ውስጥ ገባ። የሸዋ ልጅ፣ በረዶ ላይ፣ ከኖርዌጂያኖች ጋር! አንደኛ ወጣ።

የእምነቱ ነገር

አሁን ወደ ሰፈሬ ልጅ ጥያቄ እንመለስ። አበበ ከአደጋው በኋላ ስለ ዕጣው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ በየአገሩ ተደጋግሞ ተጽፏል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኦሎምፒክን ያሸነፈው በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሆነ፣ አደጋውም የደረሰበት በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሆነ፣ ድሉን እንደተቀበለ ሁሉ መከራውንም ተቀብሎ በደስታ መኖር እንዳለበት ተናግሯል።

ግማሹን ብቻ የሰማ ሰው «ይኸው፣ አበበም እንደኔ ነው የሚለው» ሊል ይችላል። የሰፈሬ ልጅም «እግዜር ካለ» ነው ያለኝ። ቃሉ አንድ ነው። ልዩነቱ ከቃሉ በኋላ ያለው ነው። አንዱ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ ደጋን አነሳ፤ ሌላው «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብሎ የእጅ ልምምዱን ተወ። አበበ እምነቱን ከሥራው ጋር አላጣላውም። ሮም ሲሄድም እኮ «እግዜር ካለ አሸንፋለሁ» ብሎ ካምፕ ውስጥ አልተኛም፤ ጠዋት ማታ ሮጧል። ታዲያ እግሩ ላይ እያለ ሁለቱን አብሮ ይዞ የኖረ ሰው፣ ዊልቸር ላይ ሲቀመጥ ለምን አንዱን ይጥላል?

ይህን ስል ጠበሉን ለማጣጣል እንዳይመስላችሁ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ የሚጸልይ ይጸልይ፤ እኔም እጸልያለሁ። ግን ጠበሉ ጠዋት ከሆነ ከሰዓት በኋላው ለትከሻ ልምምድ ነጻ ነው። የአልጋ ቁስልም ሃይማኖት አይለይም፤ ካልተገላበጡ ይመጣል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ እምነቱም ልምምዱም አበበን በእግሩ አላቆሙትም። ከአደጋው አራት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ከዚያው ጉዳት ጋር በተያያዘ ችግር ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ አረፈ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሕዝቡም ወጥተው ቀበሩት። ስለዚህ «ስፖርት ሥራ፣ ትድናለህ» ብዬ የሰፈሬን ልጅ አልዋሸውም። ልነግረው የምችለው አበበ በእነዚያ አራት ዓመት ተኩል ውስጥ ምን እንዳደረገ ነው።

ከእነዚያ ቀኖች አንዱን ልንገራችሁና ላብቃ። ጳጉሜ 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ሮም ላይ ካሸነፈ ልክ በ12ኛ ዓመቱ፣ የሙኒክ ኦሎምፒክ ማራቶን ተካሄደ። አበበ የክብር እንግዳ ሆኖ በዊልቸሩ ተቀምጧል። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸነፈ፤ ሜዳሊያውን ከወሰደ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጥቷል። ያ የተጨበጠው እጅ፣ ከሦስት ዓመት በፊት አልጋ ላይ አልታዘዝ ብሎ የነበረው እጅ ነው።

ቶኪዮም ቢሆን ታሪኩን አልዘጋችውም። አበበ የሆድ ስፌቱን ይዞ ባሸነፈባት ከተማ፣ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ትዕግስት ገዛኸኝ በማየት የተሳናቸው ምድብ 1,500 ሜትርን አሸንፋ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች።

የፊታችን እሁድ የሰፈሬን ልጅ ልጠይቀው እሄዳለሁ። ይህችን ጋዜጣ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ሁለት ሊትር ውኃ የተሞሉ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶችም ይዤ እሄዳለሁ። ጋዜጣውን ያንብብ፤ ጠርሙሶቹን ግን አብረን እናነሳለን።