የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ለመንገድ ሥራ፦ ከጥንካሬ ቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ

ከደሴ ሆጤ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚጓዝ ሰው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ባለው ሜዳ የቢራ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ይገኛሉ፤ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምሮባቸዋል። በሜዳው በብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ግን ለመንገድ መሠረት አይመችም። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ አስፋልቱንም ይዞ ይሰነጠቃል። የፋብሪካን ተረፈ ምርት ለዚህ አፈር ማጠናከሪያ ማዋል ሁለት ችግሮችን በአንድ ጊዜ የሚፈታ ይመስላል።

የአሠራሩ መነሻ የታወቀ ነው። በአመድ ውስጥ ያሉት ሲሊካና አሉሚና ውኃ ባለበት ከኖራ ጋር ሲገናኙ እንደ ሲሚንቶ የሚያጣብቅ ውሕድ ይፈጥራሉ። በኢትዮጵያ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች በተደጋጋሚ የተፈተሸው የሸንኮራ አገዳ ባጋስ አመድ ሲሆን፣ ምንጮቹ እንደ ወንጂና መተሐራ ያሉ ከወሎ የራቁ ፋብሪካዎች ናቸው። 7 ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የ1 ኪሎ ሜትር ንጣፍ 1,050 ሜትር ኩብ አፈር ይይዛል። አንዱ ሜትር ኩብ 1.6 ቶን ቢመዝንና የአመዱ ድርሻ 10 በመቶ ቢሆን፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር ብቻ 168 ቶን ያስፈልጋል። ይህን ያህል አመድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ማጓጓዝ የቁሳቁሱን ርካሽነት ይበላዋል።

ታዲያ በቅርብ የሚገኘውስ? ብረት ሲቀልጥ የሚቀረው ስላግ በሌሎች አገሮች ለጠጠር ምትክነት ያገለግላል፤ የኮምቦልቻ የታወቀው የብረታ ብረት ሥራ ግን ቆርቆሮን በዚንክ መለበጥ ስለሆነ ስላግ አይተርፈውም። የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ በአንጻሩ ቅርብ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። በዝቃጩ ውስጥ የሚገኘው ክሮሚየም በአብዛኛው በውኃ በቀላሉ የማይሟሟው ክሮሚየም 3 ነው። ዝቃጩ አየር ባለበት በከፍተኛ ሙቀት ሲቃጠል፣ በተለይም ኖራ ካለበት፣ ከፊሉ ወደ ክሮሚየም 6 ሊለወጥ ይችላል። ይህ ደግሞ መርዛማና በቀላሉ የሚሟሟ ነው። አቃጥሎ አመድ ማድረግና ከኖራ ጋር መቀላቀል ለአፈር ማጠናከሪያ የተለመደው መንገድ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል።

ለአፈር ጥንካሬ መለኪያ የሚሆነው የሲቢአር ፈተና ናሙናውን ለ4 ቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ ከዚያ የሚለካው ግን ጥንካሬውን ነው እንጂ ወደ ውኃው የወጣውን ንጥረ ነገር አይደለም። በላቦራቶሪ ጥሩ ውጤት ያመጣ ድብልቅ ከመንገዱ ሥር በዝናብ እየታጠበ ወደ ቦርከና ወንዝ ሊደርስ ይችላል፤ ከወንዙ ደግሞ ከብት ይጠጣል፣ መስኖ ይጠለፋል። ስለዚህ የዝቃጭ አመድ ጥናት የፍሳሽ ኬሚካል ምርመራን ከሲቢአር እኩል ካልያዘ፣ የጥንካሬው አኃዝ ብቻውን ለሥራ ተቋራጭ ሊቀርብ አይገባም።

ከአካባቢው ተረፈ ምርቶች ያነሰ ሥጋት ያለው የቢራ ጠርሙስ ስብርባሪ ይመስላል። ለዳግም ማቅለጥ ካልተላከ፣ ታጥቦና ተፈጭቶ በመንገድ የታችኛው ንጣፍ የአሸዋን ከፊል ድርሻ ሊተካ ይችላል፤ የዋልካውን እብጠት ግን ኖራ እንደሚያደርገው አያስቆምም።