«ጎማ» እና «የማረፊያ እግር»፤ ስለ አንድ የአቪዬሽን ቃል አተረጓጐም

አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ሲያርፍ አንደኛው እግሩ በብልሽት ታጥፎ በክንፉ መሬት እየፋቀ ቢንሸራተት፣ ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን «ላንዲንግ ጊር» ምን ይበለው? «የማረፊያ ማርሽ» ማለት ስሕተት ነው፤ «ጊር» ከዚህ ላይ መሣሪያ ማለት እንጂ ጥርሳም መዘውር ማለት አይደለምና። የተለመደው «ጎማ»ም ከፊሉን ብቻ ይገልጻል፤ አካሉ ዘንግን፣ የማረፊያውን ምት የሚያበርደውን ክፍልና ፍሬንን ጭምር ይይዛል። በውሃ ላይ ከሚያርፉት አንዳንዶቹ ደግሞ በጎማ ፈንታ ተንሳፋፊ ያላቸው ናቸው።

ጉዳዩ የስያሜ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት 13ኛ አባሪ፣ ሰው ሳይጎዳ ጥፋቱ በጎማ ወይም በፍሬን ብቻ ከተወሰነ ሁኔታውን «አደጋ» አይለውም፤ የአውሮፕላኑን ጥንካሬ የሚያጓድልና ከፍተኛ ጥገና የሚጠይቅ ስብራት ግን አደጋ ነው። እንግዲህ እግሩ ተሰብሮ ሳለ «ጎማው ተበላሸ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የምርመራውን ፍሬ ነገር ይለውጣል።

ስለሆነም «የማረፊያ እግር» ለጠቅላላው አካል፣ «ጎማ» ለክፍሉ ብቻ ቢውል ይመረጣል። «ተከሰከሰ» የሚለውም ግሥ ወድቆ ለተሰባበረ አውሮፕላን እንጂ በእግሩ መታጠፍ ለተንሸራተተው አይገባም።