ሳይቀዘቅዝ የሚያቀዘቅዝ ዘይት

የፔፐርሚንት ዘይት ብዙ ሙያ ይወራለታል። ራስ ምታት ያስታግሳል፣ የታፈነ አፍንጫ ይከፍታል፣ ሆድ ያረጋጋል፣ አይጥ ያባርራል፣ ቢምቢ ያርቃል፣ የወጥ ቤት ሽታ ያጠፋል ይባላል። ይህን ሁሉ ለአንዲት ትንሽ ጠርሙስ መስጠት ጥርጣሬ ቢያስነሳ አይገርምም። ሆኖም ዝርዝሩን በጅምላ መጣልም ሆነ በጅምላ ማመን አያስፈልግም። ዘይቱ የነካው የሰውነት ክፍል ላይ ምን እንደሚያደርግ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ፔፐርሚንት ጉልበት የሚኖረው ብርድን የሚያውቀው ነርቭ ዘንድ ወይም የአንጀት ጡንቻ ዘንድ ሲደርስ ነው። የቀረው ሥራው የመዓዛ ሥራ ነው፤ መዓዛም የራሱ ጥቅም ቢኖረውም ከሚወራለት በብዙ ያንሳል።

ፔፐርሚንት ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ናና የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለት የናና ዓይነቶች ተዳቅለው የተገኘ፣ ዘር ስለማይሰጥ በሥሩ እየተቆረጠ የሚተከል ተክል ነው። ቅጠሉ በእንፋሎት ሲነጠር ከሚገኘው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 55 በመቶው ሜንቶል ነው። ሜንቶል ሲነካን የሚሰማን ብርድ የሙቀት መለኪያ ሊያገኘው የሚችል ብርድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የዴቪድ ጁሊየስና የአርደም ፓታፑቲያን የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ ከሌላው ተለይተው ሲሠሩ፣ ነርቮቻችን ላይ ብርድ ሲነካው የሚከፈት አንድ ፕሮቲን እንዳለ አገኙ። ይኸው ፕሮቲን ለሜንቶልም ይከፈታል። አንጎላችን የሚደርሰው መልእክት በሁለቱም ጊዜ አንድ ስለሆነ፣ ምንም ሳይቀዘቅዝ «ቀዘቀዘ» ይለናል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በዚህና ተያያዥ በሆኑ ግኝቶቻቸው በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ይህን ይዘን ወደ አፍንጫ እንሂድ። ጉንፋን የያዘው ሰው ሜንቶል ያለበትን ቪክስ ሲቀባ ወይም ጥቂት ጠብታ ሙቅ ውሃ ላይ አድርጎ ሲታጠን አፍንጫው የተከፈተ ይመስለዋል። ሮናልድ ኤክልስ የተባሉት ተመራማሪ በ1980ዎቹ ከባልደረቦቻቸው ጋር አየር በአፍንጫ ሲያልፍ የሚገጥመውን ተቃውሞ ለክተው ያዩት ግን ሌላ ነው፤ ሰዎቹ እንደተሻላቸው ሲናገሩ መተላለፊያው እንደታፈነ ነበር። አየር ሲገባ አፍንጫ የሚሰማው ቅዝቃዜ ስለሆነ፣ ሜንቶል ያንኑ ስሜት ያበረታል። «ታዲያ ከተሻለኝ ምን ቀረኝ?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ሌሊቱን እንዲተኛ የሚረዳው ስሜት ከሆነ ስሜቱ ራሱ ትርፍ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ስሜቱ እንደ ሕክምና ሲቆጠር ነው። አስም የተነሳበት ሰው ቀለል ያለው መስሎት መተንፈሻ መድኃኒቱን ቢያዘገይ፣ ጠባቡ የአየር ቧንቧ እንደጠበበ ይቆያል።

የራስ ምታቱ ማስረጃ ከዚህ ይጠነክራል። ጀርመን ውስጥ በ1996 የታተመ ጥናት፣ የውጥረት ራስ ምታት ያለባቸውን 41 ሰዎች ይዞ፣ በአልኮል የተበረዘ 10 በመቶ የፔፐርሚንት ዘይት ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ መቀባትን 1,000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ከመዋጥ ጋር አነጻጸረ። በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ብልሃቱ ማስመሰያው ላይ ነበር፤ ተሳታፊዎቹ በጠረኑ እንዳይለዩት ያለ መድኃኒትነት የተዘጋጀው ፈሳሽም ላይ ለሽታ ያህል ጥቂት ዘይት ተጨምሮበታል፤ ሆኖም እንደ እውነተኛው አልሠራም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ስለ ማይግሬንም የሚለው ነገር የለም። ግን ሽታው ብቻ ሳይሆን ቆዳ ላይ የሚያርፈው መጠን ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ዘይቱ ከስሜት አልፎ ሥራ የሚሠራበት ቦታ አንጀት ነው። ጡንቻ ለመኮማተር ካልሲየም ወደ ሴሎቹ መግባት አለበት፤ ሜንቶል ይህን መግቢያ ስለሚያጠብ የተኮማተረው አንጀት ይላላል። ስለዚህ ሐኪሞች አይ.ቢ.ኤስ. የሚሉት፣ ቁርጠትና የሆድ መነፋት የሚመላለስበት ችግር ላለባቸው ሰዎች፣ የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ በ2021 መመሪያው ፔፐርሚንትን ጠቅሶታል፤ ማስረጃው ደካማ መሆኑን ግን አልደበቀም። ኔዘርላንድ ውስጥ 190 ገደማ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ለጥርጣሬው ምክንያት ይሰጣል። ዘይቱን ከወሰዱት ከመቶ 47 ገደማ የሚሆኑት ሕመማቸው ሲቀንስ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱትም 34 ገደማ የሚሆኑት ቀንሶላቸዋል፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ዓይን አስተማማኝ አልነበረም። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ዘይቱ ለአንዳንዱ ሰው ሊሞከር የሚገባው፣ ለሁሉም ግን ተስፋ የማይሰጥበት መሆኑን ነው። አወሳሰዱም ወሳኝ ነው። እነዚህ ጥናቶች የተጠቀሙት ጨጓራን አልፎ አንጀት ሲደርስ የሚፈታ ካፕሱል ነው። ከጠርሙስ በማንኪያ የተዋጠ ዘይት በጉሮሮና በጨጓራ መካከል ያለውን መዝጊያም ያላላል፤ ቃር ያለበት ሰው ለሆዱ ብሎ ደረቱን ያቃጥላል።

የቤት ውስጥ አገልግሎቱ ላይ ስንደርስ ወሬው ይበዛል፣ ማስረጃው ይሳሳል። አሜሪካ ውስጥ በፔፐርሚንት የተሠሩ ብዙ የነፍሳትና የአይጥ ማባረሪያዎች ይሸጣሉ። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ዘይቱን አነስተኛ አደጋ ካላቸው ግብአቶች መድቦ ከምዝገባ ነፃ አድርጎታል። ነፃ መሆኑ እንደ ምስክርነት ይነገራል፤ ትርጉሙ ግን ተቃራኒ ነው፤ ያልተመዘገበ ምርት መሥራት አለመሥራቱን ድርጅቱ አይመረምርም። ዘይቱ ደግሞ ቶሎ የሚተን ነው። ጥጥ ላይ የተንጠባጠበው መዓዛ ሲጠፋ፣ የእህል ከረጢቱ እዚያው ያለላት አይጥ ምን ያግዳታል? ወለል ስናጸዳም ቆሻሻውን የሚያነሳው ሳሙናው ነው።

መዓዛው ብቻውን ትክክለኛ መሣሪያ የሆነበት ሙያ ግን አለ። የቆዩ የአሜሪካ የቧንቧ ሥራ ደንቦች «የፔፐርሚንት ፍተሻ» የሚሉት ነበራቸው፦ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት ከጣሪያ በፍሳሽ ቱቦ ይወርዳል፣ ሙቅ ውሃ ይከተላል፣ የላይኛው አፍ ይደፈናል፤ ቤት ውስጥ ሽታው የመጣበት ቦታ ቱቦው የሚያፈስበት ነው። ዘይቱን ያፈሰሰው ሠራተኛ እጁና ልብሱ ስለሚሸት ቤቱ እንዲገባ አይፈቀድለትም።

ከሁሉ የበረታው ተቃውሞ «ከዕፅ የተገኘ ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚለው ነው። ለምች ዳማከሴ ሲጨመቅ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ጥያቄ ቅርባችን ነው፤ ዳማከሴና ፔፐርሚንት እንዲያውም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ግን ቅጠልና የተነጠረ ዘይት አንድ አይደሉም። የአውሮፓ የመድኃኒት መስፈርት ከ1 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ቢያንስ 12 ሚሊ ሊትር ዘይት እንዲገኝ ይጠይቃል። በዚህ ስሌት አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ከ400 ግራም በላይ ደረቅ ቅጠል ሊወጣው ይችላል፤ ይህን ያህል ሻይ በአንድ ጊዜ የሚጠጣ የለም። ቆዳ ላይ ሲደረግ በወይራ ወይም በሌላ የምግብ ዘይት መበረዝ አለበት፤ ለአዋቂ 30 ሚሊ ሊትር ላይ 12 ጠብታ ገደማ ይበቃል። ለሕፃናት ግን ጉዳዩ የመበረዝ አይደለም። ሜንቶል አፍንጫቸው አጠገብ ሲደረግ ጉሮሮአቸው በድንገት ሊዘጋና ትንፋሻቸው ሊቋረጥ ይችላል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ከ2 ዓመት በታች ላሉት ጭራሽ እንዳይሰጥ ይላል። ድመት ያለበት ቤትም ይጠንቀቅ፤ የድመት ጉበት እንዲህ ያሉ ዘይቶችን ለማስወገድ ይቸገራል።

ገበያው ላይ ያለው ሁሉ ፔፐርሚንት አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ዘይቱን በተርፔንታይን የሚያበዙ ነጋዴዎች ነበሩ። ዛሬ የተለመደው ማጭበርበሪያ በብዛት ሕንድ ውስጥ ከሚመረት ሌላ የናና ዓይነት የተገኘ ዘይት ነው። እሱ ቀዝቅዞ አብዛኛው ሜንቶል በክሪስታል መልክ ከተለየ በኋላ የተረፈው ፈሳሽ በፔፐርሚንት ስም ይሸጣል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «ሜንታ ፒፔሪታ» የሚለው የተክሉ ሳይንሳዊ ስም መኖሩን ማየት ጥሩ ነው፤ «ሜንታ አርቬንሲስ» ካለ ሌላኛው ነው። ለሆዱ የሚፈልግ ሰው ከጠርሙሱ ይልቅ ፋርማሲ ስለ ካፕሱሉ ይጠይቅ። ለእቃ ማጠቢያው ሽታ ከሆነ ግን ርካሹም ይበቃል።