በአምስት ኪሎ ጥይት ላይ የቆመ ገበያ

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስሟ በነጋዴ ዘንድ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ከብት ነው፤ በሬ፣ ግመል፣ ፍየል። በደቡቡ ቆላ ግን በዶላር የሚሸጥ ሌላ ሀብትም አለ። አምባራይሌው፣ ገረኑኩ፣ የሜዳ ፍየሉና እንሹው የውጭ አገር አዳኞችን ዓይን ሲስቡ ኖረዋል። የዚህ ገበያ ደንበኛ ጠመንጃውን በሻንጣ ይዞ የሚመጣ ባለገንዘብ ነው፤ እሱ ሲመጣ የሚጠቀመውም አስጎብኚው ድርጅት ብቻ አይደለም። መኪና አከራዩ፣ ነዳጅ ሻጩ፣ በሻሸመኔ፣ በአዶላ ወይም በያቤሎ አልጋ የሚያከራየው፣ ለሰፈሩ ፍየልና ሽንኩርት የሚያቀርበው ሁሉ ድርሻ አለው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ቦሌ ላይ በአንዲት ሣጥን ምክንያት ሊቆም ይችላል። ሣጥኗ የጥይት ሣጥን ናት።

በአጭሩ አያታ የሚባለው ዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር በአደገኛ ዕቃዎች ደንቡ ለአንድ መንገደኛ የፈቀደው 5 ኪሎ ጥይት ብቻ ነው። ይህም ከነማሸጊያው ነው። ጥይቱ ለመንገደኛው ለራሱ መጠቀሚያ መሆን፣ በሚረከብ ሻንጣ ብቻ መጫንና አስቀድሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። የሚፈቀደውም 1.4ኤስ የተባለው ምድብ ነው፤ ድንገት ቢቀጣጠል ጉዳቱ ከማሸጊያው ብዙም የማይወጣ ማለት ነው። የሚፈነዳ ወይም እሳት የሚያስነሣ አረር ያለው ጥይት አይፈቀድም። ባሩድ ለብቻው፣ መለኮሻም ለብቻው ይዞ መጓዝ ክልክል ነው።

5 ኪሎ ሲባል ጥቂት ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ለመካከለኛ አውሬ የሚያዘው ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚባለው ጥይት አንዱ 26 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የካርቶኑ ክብደት ተቀንሶ ከ150 በላይ ይጫናል። ከበድ ያለው 375 ከሆነ 100 ያህል ነው። የወፍ ጠመንጃ ጥይት ደግሞ 25 ፍሬ የሚይዘው አንዱ ፓኮ ከ1 ኪሎ ስለሚበልጥ ከአራት ፓኮ አያልፍም። ወፍ ለመተኮስ ለሚመጣ ሰው ልኩ ሊጠብበው ይችላል። ለአምባራይሌና ለገረኑክ ለሚመጣው ግን ከበቂ በላይ ነው፤ የሁለት ሳምንት አደን ጥቂት ደርዘን ጥይት ቢጨርስ ነው።

ብዙውን ጊዜ ችግር የሚያመጣው ብዛቱ ሳይሆን አስተሻሸጉ ነው። ጥይቱ በፋብሪካው ካርቶን፣ ወይም እያንዳንዱ ፍሬ ለየብቻው በሚቀመጥበት የእንጨት፣ የብረት ወይም የጠንካራ ካርቶን ሣጥን መሆን አለበት። በካልሲ ተጠቅልሎ፣ በዝናር ተሰክቶ ወይም ካዝና ውስጥ እንደተሞላ የመጣ ጥይት ተቀባይነት የለውም። ባልና ሚስት አብረው ሲመጡ የሁለቱን ድርሻ በአንድ ሣጥን 10 ኪሎ አድርጎ መጫንም አይቻልም፤ ደንቡ የአንዱ ድርሻ ከሌላው እንዳይደመር በግልጽ ይከለክላል። ጥይቱ ከጠመንጃው ጋር በአንድ ሣጥን ይሁን ወይስ ለብቻው የሚለውን አየር መንገዶች በየፊናቸው ይወስኑታል። መንገደኛው ሁለት አየር መንገድ የሚቀያይር ከሆነ የሁለቱንም ፈቃድ በጽሑፍ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ትኬቱን የሸጠው ድርጅት እሺ ቢል የሚጭነው ላይስማማ ይችላልና።

የመተላለፊያ አገር ጣጣም አለ። በኔዘርላንድስ በኩል የሚያልፍ አዳኝ ጠመንጃውና ጥይቱ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ለመሻገር ብቻ እንኳ የዚያን አገር ፈቃድ ይጠየቃል። አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ከአገሩ ሳይወጣ ጠመንጃውን በጉምሩክ ቅጽ 4457 ማስመዝገብ ይኖርበታል፤ ሲመለስ የራሱ ንብረት ለመሆኑ ማስረጃው ይኸው ነው።

ኢትዮጵያ ሲደርስ ወረቀቱ ይበዛል። የአደን ፈቃዱ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። በመሣሪያው በኩል የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። አስጎብኚው አስቀድሞ የጠመንጃውን ዓይነትና መለያ ቁጥር፣ የጥይቱን መጠንና ብዛት ይልካል። ቦሌ ላይ የሚቆጠረው ጥይት ከተላከው ቁጥር ጋር ካልገጠመ ሣጥኑ እዚያው ይቀራል። ትራንዚተሩ ሲመላለስ የመኪናው ኪራይ፣ የወጥ ቤቱና የዱካ አነፍናፊው አበል መቁጠሩን አያቆምም። አደን የሚሸጠው በቀን ሒሳብ ነውና ደንበኛው ያጣው ቀን ተመልሶ አይመጣም።

ታዲያ ሌላ ጥይት ለምን አይገዛም? በቆላው ከተሞች ጥይት እንደ ስኳር ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በስውር የሚገኘው የክላሽ ጥይት ለአደን ጠመንጃ አይሆንም፤ ቢሆንም እንኳ ገዢውንና አገናኙን እስር ቤት የሚያስገባ ንግድ ነው። ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በጉጂና በቦረና ዞኖች መንግሥትና ታጣቂዎች ሲጋጩ በቆዩበት መንገድ ላይ ደግሞ ኬላ ጠባቂ ስለ ጥይት ቀልድ አያውቅም። ወረቀቱ ሾፌሩ ኪስ ውስጥ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ አዳኞች ጠመንጃ ከነጥይቱ ከአስተናጋጃቸው ተከራይተው ማደናቸው የተለመደ ነው። የአገራችን ድርጅቶች ይህን መንገድ ከሕጉ ጋር አስታርቀው ቢያጠኑት ከኪሳራ የሚድኑት ቀናት ብዙ ናቸው።

ጉዳዩ አሁን ክብደት ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአደን ዋጋ የሚተመነው በዶላር ነው። ስለዚህ ከአንድ ቀሪ ደንበኛ ጋር የሚቀረው ብር ዛሬ ከበፊቱ እጥፍ በላይ ሆኗል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም ተከታታይ ዝናብ ጠፍቶ ከብቱ ላለቀበት አካባቢ ደግሞ የአንድ ሰፈር ገበያ ቀላል ገቢ አይደለም።

በመውጫው በኩል ያለው ቆጠራም ከመግቢያው አይተናነስም። 60 ጥይት አስመዝግቦ የገባና 22 የተኮሰ አዳኝ 38ቱን ይዞ መታየት አለበት። የተረፈውን ለዱካ አነፍናፊው ወይም ለሾፌሩ ‹‹ማስታወሻ›› ብሎ መስጠት ደግነት ሊመስለው ይችላል፤ በሕጉ ዓይን ግን የጦር መሣሪያ ዝውውር ነው። ካፖርት ኪስ ውስጥ የተረሳች አንዲት ጥይትም በፍተሻው ማሽን ታይታ መንገደኛውን ከበረራው ታስቀረዋለች። ልምድ ያላቸው የሰፈር ኃላፊዎች ሌላም ነገር ያስጠብቃሉ፦ ባዶውን የጥይት ካርቶን ወጥ ቤቱ እሳት ማቀጣጠያ እንዳያደርገው። 38ቱ ጥይት ወደ አገሩ የሚመለሰው በዚያው ካርቶን ነው።