የጋራ መዝገብ እንዴት ይጠበቃል? እንዴትስ ይጸዳል?

በዛሬው ዘመን አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ገዝቶ አሠራሩን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ ከሣጥኑ ውስጥ በምትገኘው ትንሽ የመመሪያ ወረቀት ብቻ አይወሰንም። ከእርሱ በፊት ያንኑ ዕቃ የገዙ፥ የፈቱና የገጠሙ ሰዎች ያገኙትን ዕውቀት በአንድነት የጻፉበትን መዝገብ ከኢንተርኔት ይፈልጋል። ይህ ዐይነቱ መዝገብ «ዊኪ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት ያሰብኩት መዝገቡ እንዴት እንደሚጻፍ ሳይሆን፥ ከተጻፈ በኋላ እንዴት እንደሚጠበቅና እንደሚጸዳ ነው። መጻፉን ብዙዎች ይወዱታል፤ ማጽዳቱን የሚወዱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ጀማሪውን የሚያድነው ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዊኪ አመጣጥ ጥቂት እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያውን ዊኪ የሠራው ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲሆን፥ ለሕዝብ የከፈተውም ማርች 25 ቀን 1995 ነው። ስሙን የወሰደው በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን ያመላልስ ከነበረው «ዊኪ ዊኪ» ከተባለው አውቶቡስ ነው። ዊኪ በሃዋይ ቋንቋ ፈጣን ማለት ነው። የዊኪ ጠባይ ይህ ነው፤ አንባቢው ስሕተት ያየ እንደ ሆነ ለአዘጋጁ ደብዳቤ ጽፎ መልስ ሳይጠብቅ፥ ራሱ ገጹን ከፍቶ ያርመዋል። ማን፥ መቼ፥ ምን እንደ ለወጠም በለውጥ መዝገቡ ተጽፎ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ይችላል። በ2001 የተጀመረው ውክፔዲያም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ሥራ በጣም የሚስማማ ነው።

አሁን ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ራስቤሪ ፓይ የተባለች፥ ስፋቷ ከመታወቂያ ወረቀት የማይበልጥ ትንሽ ኮምፒዩተር አለች። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ተፈልስፋ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ለሽያጭ ቀረበች፤ ዋጋዋም 35 ዶላር ነበር። የተሠራችበት ዓላማ ወጣቶች ኮምፒዩተርን መጠቀም ብቻ ሳይሆን ማዘዝንም እንዲማሩ ነው። በጠርዟ ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ፒኖች አሉ። በእነዚህ ፒኖች መብራት፥ ሞተር ወይም የሙቀት መለኪያ አገናኝቶ በፕሮግራም ማዘዝ ይቻላል። የገዙት ሰዎችም ኢሊነክስ በተባለው ዊኪ ውስጥ የትኛው ሜሞሪ ካርድ እንደሚሠራና እንደማይሠራ፥ የትኛው ፒን ምን አገልግሎት እንዳለው፥ በየቤታቸው እየሞከሩ ዘርዝረው ጻፉ።

ነገር ግን ዕቃው ባለበት አልቆመም። በሴፕቴምበር 2012፥ ገና ዓመት ሳይሞላ፥ ሁለተኛው የሰሌዳ እትም ወጣ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምፈልገው፥ እያንዳንዱ ፒን ሁለት ቍጥር ያለው መሆኑን ነው። አንደኛው በረድፉ ላይ የተቀመጠበት ተራ ቍጥር ነው፤ ሁለተኛው በፕሮግራም ውስጥ የሚጠራበት ቍጥር ነው። በመጀመሪያው ሰሌዳ 13ኛው ፒን በፕሮግራም 21 ተብሎ ይጠራ ነበር፤ በሁለተኛው ሰሌዳ ግን 27 ሆነ። እንዲሁም 3ኛው ፒን ከ0 ወደ 2፥ 5ኛው ፒን ከ1 ወደ 3 ተለወጡ። በ2014 በወጣው ሰሌዳ ደግሞ የፒኖቹ ብዛት ከ26 ወደ 40 ከፍ አለ፤ ቍጥር 21ም ለ40ኛው ፒን ተሰጠ።

እንግዲህ በ2012 መጀመሪያ የተጻፈውን ገጽ የሚያነብ የዛሬ ጀማሪ ምን ይደርስበታል? መብራቱን 13ኛው ፒን ላይ ይሰካል፤ ፕሮግራሙንም 21 ብሎ ያዛል፤ መብራቱ ግን አይበራም። ሽቦውን ይቀይራል፥ መብራቱን ይቀይራል፥ በመጨረሻም «ይህ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይተወዋል። አንዱን ሰሌዳ ለአራትና ለአምስት ሆነው ለሚማሩ ተማሪዎች ይህ ቀላል ጕዳት አይደለም።

ለመሆኑ ስሕተቱ ከየት መጣ? ገጹን የጻፈው ሰው ሐሰት አልጻፈም። በጻፈበት ቀን ቃሉ እውነት ነበር። ጐደሎው ስለ የትኛው ሰሌዳ እንደ ጻፈ አለመናገሩ ነው። ፍጹም ሐሰት የሆነ ነገር ቶሎ ይጋለጣል፤ ቀኑ ያለፈበት እውነት ግን እውነት መስሎ ብዙ ዘመን ይቀመጣል። ሌላም ምሳሌ አለ። እስከ 2022 ድረስ ወደዚህ ኮምፒዩተር ለመግባት ሁሉም ሰው «ፓይ» የሚለውን የተጠቃሚ ስምና «ራስቤሪ» የሚለውን የይለፍ ቃል ይጽፍ ነበር። ለደኅንነት ሲባል በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ይህ ስም ቀርቶ፥ ገዢው በመጀመሪያው ቀን የራሱን ስም እንዲያወጣ ተደረገ። የዱሮውን መመሪያ የሚከተል ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ከዚህም የባሰ አደጋ አለ። የፓይ ፒኖች የሚቀበሉት 3.3 ቮልት ብቻ ነው። አርዱዊኖ ዩኖ የተባለው ሌላው የተማሪዎች ሰሌዳ ግን በ5 ቮልት ይሠራል። አንድ ሰው ለአርዱዊኖ የተሳለውን ሥዕል ማስጠንቀቂያ ሳይጽፍ በፓይ ገጽ ላይ የለጠፈው እንደ ሆነ፥ ያንን አይቶ የሚገጥም ልጅ ሰሌዳውን ሊያቃጥል ይችላል።

እንግዲህ የጽዳቱ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን በየተራው እንመልከት።

አንደኛ፥ ምንም ከመነካቱ በፊት ያሉት ገጾች ተዘርዝረው ይነበባሉ። ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ጕዳይ ሦስት ወይም አራት ገጾች ተጽፈው ይገኛሉ፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ የሌላውን ሳያይ ጽፏልና። ከእነዚህ የተሻለው ይመረጥና የሌሎቹ ጥሩ ጥሩ ቃል ወደ እርሱ ይጨመራል። የቀሩት ገጾች ግን ዝም ብለው አይጠፉም፤ የሚከፍታቸውን ሰው ወደ ዋናው ገጽ እንዲመሩት ይደረጋል። ምክንያቱም በሌላ ቦታ ያለ ጽሑፍ አድራሻቸውን ጠቅሶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፥ በየገጹ ራስ ላይ ጽሑፉ ለየትኛው ሰሌዳ እንደሚያገለግልና መቼ እንደ ተሞከረ ይጻፋል። ይህች አንዲት መሥመር ከጽዳቱ ሥራ ሁሉ ትበልጣለች። የሚቻል ከሆነም አንባቢው የራሱን ሰሌዳ የሚለይበት ምልክት ይጨመራል። ለምሳሌ የመጀመሪያው ሰሌዳ የብሎን ቀዳዳ አልነበረውም፤ ሁለተኛው ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። እንዲህ ያለው ምልክት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ሦስተኛ፥ አራሚው ሳይሞክር አያርምም። «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» በማለት የሚደረግ እርማት አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት መተካት ነው። ሰሌዳው በእጁ የሌለ ሰው ጥርጣሬውን በውይይት ገጹ ላይ ጽፎ፥ ሰሌዳው ያለው ሰው እንዲሞክርለት ይጠይቃል።

አራተኛ፥ ወደ ሌላ ቦታ የሚመሩ አድራሻዎች አንድ በአንድ ይከፈታሉ። የሞቱት በሌላ ይተካሉ፤ ምትክ ከሌላቸውም ዋናው ቁም ነገር በገጹ ላይ ባጭሩ ይጻፋል።

አምስተኛ፥ የባዕድ ማስታወቂያ ይነቀላል። ለሁሉ ክፍት በሆነ መዝገብ ውስጥ ነጋዴዎች በኮምፒዩተር ፕሮግራም አማካይነት የራሳቸውን አድራሻ ይዘራሉ። ዓላማቸው አንባቢውን ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ አድራሻቸው በብዙ ቦታ ሲገኝ የጉግል ፍለጋ ከፍ አድርጎ ያሳየናል ብለው ነው። በ2005 ጉግልና ሌሎች የፍለጋ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን አድራሻ ከቍጥር የማያስገባ ምልክት አወጡ። ቢሆንም ዘሪዎቹ ጨርሰው አልተዉም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ዊኪዎች ጸሐፊው አስቀድሞ እንዲመዘገብ ያስገድዳሉ።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ግን ምን እንደሚጣል መወሰን ነው። አንዳንዶች «ያረጀው ሁሉ ይጥፋ፤ መዝገቡ አጭርና ንጹሕ ይሁን» ይላሉ። ይህ አስተያየት በአዲስ ዕቃ ለሚጫወት ሰው ጥሩ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የ2012ቱን ሰሌዳ ዛሬም የሚጠቀም ሰው አለ፤ አዲሱን መግዛት ያልቻለ፥ ወይም ከሌላ ሰው የተሰጠው። ለእርሱ 13ኛው ፒን ዛሬም 21 ነው። ያንን መሥመር ብንሰርዝበት የሚመራውን ብቸኛ ጽሑፍ ነጠቅነው ማለት ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የማጽዳት ትርጕሙ መጣል ሳይሆን እያንዳንዱን ቃል በየቦታው ማስቀመጥ ነው። አሮጌው ቃል «ይህ ለአሮጌው ሰሌዳ ነው» የሚል ምልክት ተደርጎበት ይቀመጥ፤ የሚጠፋው ለማንም በምንም ጊዜ እውነት ያልነበረው ብቻ ይሁን።

ይህ ትምህርት ለራስቤሪ ፓይ ባለቤቶች ብቻ የሚሆን አይደለም። የአማርኛው ውክፔዲያ የሚሠራው ኢሊነክስ በሚሠራበት በዚያው ሜዲያዊኪ በተባለው ሶፍትዌር ነው፤ የለውጥ መዝገብና የውይይት ገጽም አለው። በራሳችን ቋንቋ አዲስ ገጽ ለመክፈት የሚነሣ ተማሪ የሚያስመሰግን ሥራ ይሠራል። ነገር ግን የተከፈተውን ገጽ ከዓመት በኋላ ተመልሶ የሚያነብ፥ የተለወጠውን የሚያርም፥ ቀን የሚጽፍበትም ሰው ያስፈልጋል። በክበባችን የሙከራ ደብተርም ሆነ በቤተ ሙከራው መመሪያ ላይ ይኸው ነው። ከእኛ በኋላ ወደዚህ ትምህርት ቤት የሚገባው ተማሪ የጻፍነውን አምኖ ሽቦውን ይሰካል። እንግዲህ በምንጽፈው ሁሉ ላይ ለየትኛው ዕቃ እንደ ጻፍንና በየትኛው ቀን እንደ ሞከርነው መጨመርን አንርሳ።