ቤት አከራይቶ ስለ መኖር

ጥቂት ጥሪት ይዞ «ምን ላድርግበት?» ብሎ የሚጠይቅ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ምክር «ሁለት ሦስት ክፍል ሠርተህ አከራይ» የሚል ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ቤት እንደ ከብት አይሞትም፥ እንደ እህልም አይነቅዝም። ይሁን እንጂ የሚከራይ ቤት ሀብት የሚሆነው፥ ወጪው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፍ ነገር ያለው እንደ ሆነ ነው። ብዙዎች ግን የወሩን ኪራይ በ12 ያባዙና ሒሳቡን በዚያው ይዘጉታል።

ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት የሰፈራችን እናት በግቢያቸው ውስጥ ሦስት ክፍል ለመሥራት 600,000 ብር ሊበደሩ አስበው አማከሩን። እኛም «እማማ፥ እስቲ በወረቀት ላይ እናስቀምጠው» አልናቸው። አንዱ ክፍል በወር 4,000 ብር ቢከራይ ሦስቱ በዓመት 144,000 ብር ያስገባሉ። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ወር ባዶ ቢቆይ 12,000 ይጐድላል፤ ለቧንቧ፥ ለቆርቆሮና ለቀለም ደግሞ ሌላ 12,000 ይውጣ እንበል። የቀረው 120,000 ነው። ብድሩ ከመቶ 17 ወለድ የሚከፈልበት ቢሆን የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 102,000 ብር ይደርሳል። እንግዲህ በእጅ የሚቀረው 18,000 ብር ነው፤ ዋናው ዕዳና የኪራይ ገቢ ግብርም ገና አልተነሡም። እኝህ እናት ወረቀቱን አየት አድርገው፥ «ታዲያ የምደክመው ለባንኩ ነዋ!» አሉ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው የብድሩ መያዣ ነበር፤ ይኸውም ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ቤት ነው። «ሲሚንቶ ዛሬ ካልተገዛ ነገ ይወደዳል» የሚሉ አሉ፥ አልተሳሳቱም። ነገር ግን የሲሚንቶ መወደድ ግንባታን ቢያዘገይ ነው እንጂ ሰውን ከቤቱ አያስወጣም። ስለዚህ ባላቸው 200,000 ብር አንዱን ክፍል ብቻ ሠሩ። እርሱም ከላይ ባስቀመጥነው ስሌት ግብር ሳይነሣ በዓመት 40,000 ብር ይሰጣል፤ ዝግ ያለ ነው፥ ግን የራሳቸው ነው።

በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ነገሩን በሌላ ዓይን ያዩታል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፥ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የኪራይ ቤት ለጡረታዬ ብሎ የሠራ ሰው ያን ጊዜ ባዶ እጁን ቀረ። ይህን ያየ ሰው ያለውን ሁሉ በግድግዳ ላይ አላፈስም ቢል አንፈርድበትም።

ዛሬ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የአከራይን ውሳኔ በሌላ መንገድ ለውጦታል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው። ቀድሞ በተከራይ ምርጫ የተሳሳተ ሰው በጥቂት ወር ውስጥ ያስለቅቅ፥ ዋጋም ይጨምር ነበር፤ አሁን ግን ተከራይን መምረጥና የመጀመሪያውን ዋጋ መቁረጥ የሁለት ዓመት ጉዳይ ሆነ።

ስለዚህ ምርጫውን ለደላላ ብቻ መተው አይገባም። ደላላ የሚጠቀመው ተከራይ በገባ ቍጥር ነውና፥ ሰው ቶሎ ቶሎ ቢለዋወጥ አይከፋውም። አከራይ ግን በየለውጡ ባዶ ወር ይከፍላል። በወር 500 ብር ቀንሶ ሁለት ዓመት ለሚቀመጥ ሰው ያከራየ፥ በዓመት የሚያጣው 6,000 ብር ነው፤ 4,500 ብር ጠይቆ ቤቱን በዓመት ሁለት ወር ባዶ ያሳደረ ግን 9,000 ያጣል። ይልቁንም አንድ ግቢ፥ አንድ በር፥ አንድ ቧንቧ ለሚጋሩ ሰዎች የጠባይ ነገር ከዋጋ አያንስም፤ የሚሠራበትን ቦታና ቀድሞ የተከራየበትን ቤት መጠየቅ ነውር አይደለም።

የመብራትና የውኃ ቆጣሪ የጋራ እንደ ሆነ አከፋፈሉ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ የመጸዳጃው ጽዳትና የማታ በር መዝጊያ ሰዓትም እንዲሁ። ኪራዩንም በባንክ መቀበል ይገባል፤ ማን መቼ እንደ ከፈለ ደረሰኙ ይናገራልና።