ጢስና ማር

ማይንክራፍት በሚባለው ጨዋታ፣ ንቦች ከገቡበት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማር የሚቆርጥ ተጫዋች ከቀፎው ሥር እሳት ያነዳል፤ ያለዚያ ይነደፋል፣ የነደፈችውም ንብ ትሞታለች። ብዙዎቻችን ይህ ፈጠራ መስሎን ነበር። ነገር ግን እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ማር የሚቆርጥ ሰው ኩበት የሚያጨሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጢስ ንብን አያስተኛም። አንዷ ስትናደፍ ለሌሎቹ የምትረጨውን የማስጠንቀቂያ ሽታ ይሸፍናል፤ ንቦቹም እሳት የመጣ መስሏቸው ማር በመጠጣት ይጠመዳሉ። ጢሱ ቀዝቃዛና ጥቂት ይሁን፤ ነበልባል ክንፍ ያቃጥላል። (ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተትም አይከፋም።)

ጨዋታው ያልነገረን ግን አለ። እዚያ የተቆረጠ ቀፎ መልሶ ይሞላል፤ በባህላዊው ቀፎ እንጀራው ሁሉ ከነእጩ ከወጣ መንጋው ይራባል ወይም ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ የእጩ እንጀራና ጥቂት ማር ይቀርላቸዋል።